ያልገባው ተማሪ ስለ ምን ዝም ይላል?

በላስታ ደጋ፣ በግዳን ወረዳ ርእሰ ከተማ በሙጃም ሆነ በላሊበላ፣ ወይም በአገራችን በሌላ በማናቸውም ስፍራ በሚገኝ የትምህርት ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ የሰሌዳውን ጽሕፈት ፈጽሞ፣ ጠመኔውን በእጁ እንደ ያዘ ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ብሎ «ገባችሁ?» ባለ ጊዜ፣ ስድሳ ሰባ የሚሆኑት ልጆች ባንድ ቃል «አዎን!» ብለው ሲመልሱ መስማት የተለመደ ነው። ከእነዚህም መካከል፣ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ለማካፈል ሁለተኛውን መገልበጥ ያስፈለገበት ምክንያት ፈጽሞ ያልተገለጠለት አንድ ልጅ፣ ድምፁን ከባልንጀሮቹ ድምፅ ጋር አስተባብሮ «አዎን» ካለ በኋላ፣ ደወል ሲደወል ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ደብተር ተውሶ መልሱን እንዳለ ይገለብጣል፤ መምህሩም ደብተሩን ሲያርም ትክክለኛ መልስ ስለሚያገኝ፣ ልጁ የተረዳ መስሎት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ዝምታ ብዙዎቻችን ከስንፍና ወይም ከግዴለሽነት የመጣ አድርገን ስንቆጥረው ብንኖርም፣ የትምህርት ሥነ ልቡና ሊቃውንት ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ያደረጉት ምርምር ምክንያቱ ሌላ፣ ይልቁንም እጅግ የሚያሳዝን እንደ ሆነ ያስረዳል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን፣ እርዳታ የሚጠይቅ ልጅ በራሱ መቆም ያልቻለ የሰው ጥገኛ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት አንዷ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻሮን ኔልሰን ለጋል ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ መጠየቅ ራሱን የቻለ የመማር ጥበብ መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ ጥያቄን በሁለት ከፈሉት፤ አንደኛው ተማሪው ሥራውን ራሱ ይፈጽመው ዘንድ የጎደለችውን ጥቂት ነገር ብቻ የሚለምንበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው ሠርቶ እንዲያስረክበው የሚፈልግበት ነው። በላስታ ቁልቁለት ወርዳ ከምንጭ ውኃ የቀዳች ሴት፣ እንስራዋን ከመሬት ወደ ጀርባዋ ለማውጣት ባቸገራት ጊዜ መንገደኛውን «እባክዎ ያሸክሙኝ» ትለዋለች እንጂ «እቤቴ ድረስ ይሸከሙልኝ» አትለውም፤ አቀበቱን የምትወጣው እርሷው ናት። የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ይህን ይመስላል፤ ደብተር መገልበጥ ግን እንስራውን ለሌላ ማስያዝ ነው።

ነገሩን ወደ ፊት ከወሰዱት ሊቃውንት መካከል፣ በምሥራቅ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትና በኋላም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተመራመሩት ስቱዋርት ካራቤኒክ በመጀመሪያ ረድፍ ሊጠሩ የሚገባቸው ናቸው። እኒህ ሰው ከጆን ናፕ ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ባወጡት ጥናት፣ ማንም ሰው በቀና አስተሳሰብ ይሆናል ብሎ ከሚገምተው የራቀ ነገር አገኙ። እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ችግሩ በከፋበት መጠን ጥያቄውም ይበዛል ብለን የምናስብ ብንሆንም፣ የተገኘው ግን ችግሩ ከጥቂት ወደ መካከለኛ ሲደርስ የጠያቂው ቁጥር አብሮ እየጨመረ ሄዶ፣ ከመካከለኛው አልፎ ሲበረታ ደግሞ መልሶ እየቀነሰ መሄዱ ነው። እጁን የሚያነሣው ጥቂት የጎደለው መካከለኛ ተማሪ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው፣ ሊወድቅ የተቃረበው፣ ዝም ይላል። ይህን አንድ ነገር ብቻ መምህራን ሁሉ ቢያውቁት፣ «የቸገረው ይጠይቀኝ» ብሎ የመጠበቅ ልማድ የቱን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ወዲያው ይታያቸው ነበር።

ለዚህ ዝምታ ሥሩ ኀፍረት ነው። አሊሰን ራያንና ፖል ፒንትሪች እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣት የሒሳብ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ምርምር እንዳሳዩት፣ በችሎታው የማይተማመን ተማሪ «ብጠይቅ ደንቆሮ መሆኔ ይታወቅብኛል» የሚል ስጋት ከሌሎቹ ይልቅ ይከብደዋል፤ በራሱ የሚተማመነው ግን ቢጠይቅም ክብሩ የሚጓደል ስለማይመስለው በነፃነት ይጠይቃል። ይህም ስጋት እንዲሁ ከልጁ ባሕርይ ብቻ የሚፈልቅ አይደለም። ሩት በትለርና ኦርና ኑማን እ.ኤ.አ. በ1995 ለ2ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች እንቆቅልሽ የመሰለ ሥራ ሰጥተው ሲፈትኑ፣ ሥራው ችሎታቸውን ለመመዘን እንደ ሆነ ከተነገራቸው ልጆች ይልቅ፣ ሥራው ለመማርና ለመሠልጠን መሆኑ የተነገራቸው አብልጠው እርዳታ ጠየቁ። ሥራው ያው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የጠያቂነታቸውን መጠን የለወጠው የተነገራቸው ዓላማ ብቻ ነበር።

እንግዲህ በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት በጭብጨባ ሲሸለሙ፣ የቀሩት ደግሞ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደ ወጡ በካርዳቸው ላይ ተጽፎ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ልጁ የሚማረው ትምህርት ምን እንደ ሆነ እናስብ። ደረጃ መስጠት ጎበዙን ማትጋቱን አልክድም፤ ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ስለ ደረጃው ሲጨነቅ የከረመ ልጅ፣ አለማወቁን በባልንጀሮቹ ፊት በገዛ አፉ እንዲመሰክር መጠበቅ ጭካኔ ይመስለኛል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ማለታቸውም አልቀረም፤ እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ ያለ ልጅም ሁለተኛውን ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ረገድ ያቆየልን አንድ ታላቅ ነገር አለ። በላሊበላ ቋጥኝ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያም ሆነ በላስታ ገጠር አድባራት፣ ሕፃኑ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ከቁጥር ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ሲሸጋገር፣ ቀደም ብሎ የተማረ ታላቅ ተማሪ በአጠገቡ ተቀምጦ ያስጠናዋል፤ ወደ ቅኔ ቤት የገባውም ለብቻው ገለል ብሎ የቆጠራትን ጉባኤ ቃና ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፣ መምህሩም የተሰበረውን ያቃናለታል። በዚህ ሥርዓት ሁሉም በየተራው የሚቀርብና ሁሉም የሚታረም ስለ ሆነ፣ መሳሳት የዕለት ተዕለት ነገር እንጂ አንድን ልጅ ከማኅበሩ ለይቶ የሚያሳፍር ነውር አይደለም፤ እጅ ማንሣት የሚያስፈልገውም የለም። ያም ሆኖ በዚያው ቤት አለንጋም እግር ብረትም እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም፤ የቅዱስ ያሬድ ታሪክም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን የተቀጣው ብላቴና ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ፣ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ዛፉን የወጣውን ትል አየ። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ዘወትር የምናደንቀው የትሉን ትዕግሥት ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የሚከተለው ነገር ይበልጥ ሊነገር ይገባዋል እላለሁ፤ ያሬድ ትሉን ካየ በኋላ ብቻውን ለመታገል በዚያ አልቀረም፤ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፣ እንዲያስተምረውም ለመነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህሩ ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ አሊሰን ራያን ከማርጋሬት ጊንና ከካሮል ሚድግሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ 6ኛ ክፍል የሒሳብ ተማሪዎች ያወጡት ጥናት ተስፋ የሚሰጥ ነው። በክፍሉ ውስጥ ማን ከማን ይበልጣል የሚለው በሚጎላበት ስፍራ ተማሪዎች ከመጠየቅ ይሸሻሉ፤ መምህሩ የልጆቹን ኀዘንና ደስታ፣ ጭንቀታቸውንም ጭምር የሥራው ክፍል አድርጎ በሚይዝበት ክፍል ግን፣ በራሱ በሚተማመነውና በማይተማመነው መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ሌላ ተመራማሪም፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነና ይህን ወደ ሦስት ሰከንድ ቢያረዝሙት የልጆቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ከራሳቸው የሚያመነጩትም ጥያቄ እንደሚበዛ ገልጠዋል።

በኛ አገር ችግሩን የሚያከብድ ሌላም ነገር አለ። ወደ ላይኞቹ ክፍሎች የደረሰ የሙጃ ልጅ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚለወጥበት፣ ፊዚክሱ ያልገባው መሆኑን ለመናገር እንኳ ቋንቋ ያጥረዋል፤ ጥያቄውን በአማርኛ እንዲያቀርብ ፈቅዶ በእንግሊዝኛ የሚመልስለት መምህር ሁለቱንም ያስተምረዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የነበረው ጦርነትም፣ የመጽሐፍ እጦቱም የየድርሻቸውን አድርገዋል፤ ዳሩ ግን ከእነዚያ ተፈታኞች ስንቶቹ በየክፍሉ ሳይገባቸው ገባን እያሉ እንዳለፉ የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

ቀደም ባሉት ዓመታት «አንድ ለአምስት» በተባለው አደረጃጀት ጎበዙን ተማሪ ከሌሎቹ ጋር ማቀናጀቱም ሊጠቅም ይችል የነበረው፣ ጎበዙ መልሱን ሳይሆን መንገዱን እንዲያሳይ ሲሠለጥን ነበር፤ አለዚያ የደብተር ግልበጣው በመንግሥት ፈቃድ የጸና ይሆን ነበር። ስድሳ ልጅ ያለበት መምህር ግን በ40 ደቂቃ ሁሉን ማዳረስ ስለማይችል፣ ልጆቹ መልመጃ ሲሠሩ በየወንበሩ መካከል እየተዘዋወረ በየክፍለ ጊዜው የአሥር ልጆችን ደብተር ቢያይና እያንዳንዱን «እዚህ ላይ እንዴት አሰብህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በስድስት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል፤ መጀመር ያለበትም ከኋላ ወንበር ነው።