የሽንት ጨርቅና የሕፃናት ማቆያ

በአገራችን የሕፃን የሽንት ጨርቅ በዱሮ ጊዜ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። ያረጀ ነጠላ ወይም የሳሳ ጋቢ እየተቀደደ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ይህም ልማድ ከቁጠባ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ አዲስ የጥጥ ጨርቅ በተፈጥሮው ሰም መሰል ነገር ስላለበት ውኃ ቶሎ አይገባውም፤ ደጋግሞ የታጠበው ግን ለስልሶ እርጥበትን በሚገባ ይመጥጣል።

ያን ጊዜ ጨርቁን የምትቀይረውም የምታጥበውም እናት ወይም የቤት ዘመድ ነበረች። ዛሬ በከተማ ነገሩ ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚረዳት የሌላት ሠራተኛ ልጇን ገና በ3 ወሩ፣ በቀን ብዙ ጊዜ በሚያረጥብበት ዕድሜ፣ ለማቆያ ትሰጣለች ማለት ነው።

እዚያም በር ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። በየቀኑ ዳይፐር ለመግዛት ደመወዟ የማይበቃ እናት ልጄ ጨርቅ ይታሰርለት ትላለች፤ ሞግዚቷም ይህ አይሆንልኝም ትላለች። እኛም የሁለቱን ወገን ምክንያት መርምረን የሚስማሙበትን መንገድ ለማስረዳት ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ የሞግዚቷን ምክንያት እንመልከት። እርሷ የምትጠብቀው አንድ ሕፃን ብቻ አይደለም። የአንዱን ጨርቅ ለማጠብ ስትነሣ ሌሎቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። ውኃም ቢሆን በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጡጦና እጅ የሚታጠብበት ቧንቧ መሆኑ ነው። የሕፃን ዐይነ ምድር ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሮታ ቫይረስን፣ ሺጌላንና ጃርዲያን የመሰሉ ተቅማጥ አምጪዎች ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው የሚሻገሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ማለት ግን ጨርቅ ለማቆያ አይሆንም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ለሕፃናት ማቆያዎች የተዘጋጀው ብሔራዊ የጤናና የደኅንነት መመሪያ የሽንት ጨርቅን አይከለክልም፤ ሁኔታዎችን ግን ይወስናል። ይኸውም ውስጡ የሚመጥጥ፣ ውጭው ውኃ የማያሳልፍ እንዲሆን፤ ሁለቱም በአንድነት እንዲወልቁ፤ የቆሸሸውም በማቆያው ውስጥ ከቶ ሳይለቀለቅ ታስሮ ለወላጅ እንዲመለስ ነው። እንግዲህ ሞግዚቷ አላጥብም ማለቷ ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ የእናቲቱም ጥያቄ ከንጽሕና ደንብ ጋር አይጣላም። የሚያጣላቸው አስቀድሞ ያልተነጋገሩበት ማጠብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቁጥር ነው። ሕፃኑ 9 ሰዓት በማቆያ ቢውልና በየ2 ሰዓቱ ቢቀየርለት 4 ወይም 5 ጨርቅ ይፈልጋል፤ የማታውና የሌሊቱ ሲጨመር በቀን 8 ያህል ይሆናል። ጨርቁ በአንድ ቀን በሚደርቅበት በበጋ 8 በሥራ ላይ፣ 8 በገመድ ላይ፣ 4 በመጠባበቂያ፣ በጠቅላላው 20 ጨርቅ ያስፈልጋል። ለመድረቅ 2 ቀን በሚፈጅበት በክረምት ደግሞ 28 ይደርሳል። በ10 ወይም በ12 ጨርቅ የጀመረች እናት በሐምሌ እርጥብ ጨርቅ ለመላክ ወይም ነገሩን ለመተው ትገደዳለች።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል።

1ኛ፤ ጨርቆቹ ከነውጭ ልብሳቸው ተጣጥፈው፣ የልጁም ስም በክር ተጠልፎባቸው ጠዋት ይላኩ። በመርፌ ቁልፍ ከሚያያዙት ይልቅ ማሰሪያ ወይም ቁልፍ ያላቸው ይሻላሉ፤ መርፌ በችኮላ ልጁን ሊወጋ ይችላልና።

2ኛ፤ ሞግዚቷ የቆሸሸውን ወደ ውስጥ ጠቅልላ፣ ውኃ በማያሳልፍ ከረጢት አስራ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ታኑር። ከዚያም እጇን በሳሙና ትታጠብ።

3ኛ፤ ማታ በቤት ጠጣሩ ወደ መጸዳጃ ቤት ይደፋ፤ ጨርቁ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ፤ ሙቅ ውኃ ቀድሞ ከነካው እድፉ ይጣበቃልና። ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ የሳሙናው ቅሪት የሕፃኑን ቆዳ እንዳያቃጥል ደጋግሞ ይለቅለቅና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በረኪና በየቀኑ ማብዛት ጨርቁን ይበላዋል።

በዚህ አሠራር ማጠቡ አልቀረም፤ ከማቆያው ወደ ቤት፣ ከቀን ወደ ማታ ተዛወረ እንጂ። ከሥራ ደክማ የምትገባ እናት ብቻዋን ሳፋ ላይ የምትጎነበስ ከሆነ፣ ከዳይፐር የተረፈው ገንዘብ በእርሷ እንቅልፍ የተከፈለ ነው። ስለዚህ አባትም የድርሻውን ማጠብ ይገባዋል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ማቆያ የሚከፍት ሁሉ ከአልጋውና ከመጫወቻው ጋር ጨርቅ የሚቀየርበት የተለየ ጠረጴዛ፣ ከጡጦው ቧንቧ የራቀ የእጅ መታጠቢያና ለከረጢቶቹ መስቀያ ቢያስብ፣ ያ የበር ላይ ክርክር ሳይነሣ ይቀራል ብለን እናምናለን።