በጋብቻ ውል ላይ የተጻፈው አገር የት ነው?

በአንዳንድ ቤት ከሣጥን ሥር የተቀመጠ የአያት የጋብቻ ውል ይገኛል። ዱሮ የሚጽፈውም የሚያነበውም ደብተራው ነበር። አሁን ፊደል ስለ ቆጠርን ራሳችን እናነበዋለን። ሆኖም ካነበብነው በኋላ አንድ ነገር ያስቸግራል፤ እሱም የአገር ስም ነው።

ይሄ እንደ ቀላል አይታይም። ልጅ ሲዳር ዘር ይቆጠራል። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከሆኑ ጋብቻው ይቀራል። ታዲያ የሴት አያት አገር ካልታወቀ በእሷ በኩል ያለው ዘር እንዴት ይቆጠራል?

ውሉ «ሙሽራይቱ የሀገረ ማርያም ሰው ናት» ይላል እንበል። ሀገረ ማርያም አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ በሰሜን ሸዋ፣ በከሰም በኩል ነው። ሌላው ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ዛሬ ቡሌ ሆራ ይባላል። በእግር ቢሄዱት ከአንዱ ወደ ሌላው የብዙ ቀን መንገድ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ወረቀት ላይ አለ። እማኞቹ እነማን ናቸው? ዋሱ የየት ሰው ነው? ለጥሎሽ የተሰጠው መሬት ከየትኛው ወንዝ ጋር ይዋሰናል? «ከሰም» የሚል ቃል ከተገኘ የሸዋው ሳይሆን አይቀርም። ወንዝ ስሙን ቶሎ አይለውጥም፤ ከተማ ግን ይለውጣል። አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የጥንት ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ጠቅላይ ግዛት የሚባለውም በ1967 ዓ.ም. ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ኋላም እሱ ቀርቶ ክልል መጣ።

አንዳንዱ ውል ደግሞ «አቦ» ብሎ ያልፋል። አቦ የታቦት ስም ነው፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ማለት ነው። አቦ የሌለበት አገር የት አለ! ስለዚህ አብሮ የተጻፈውን የወረዳ ስም ፈልጉ።

ፊደሉም ራሱ ያሳስታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ጸሐፊው በመሰለው ይጽፋል። ጠብቆ የሚነበበውንም ከሚላላው በጽሕፈት አንለየውም። እንግዲህ ስሙን አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ ለሽማግሌ አንብቡለት። እሱ ፊደል ባይቆጥርም ጆሮው አገሩን ያውቃል። ባልቴቶችንም ጠይቁ። ሴት ከአባቷ ቤት ወጥታ ስለምታገባ የሁለት አገር ስም ታውቃለች፤ ይህን ግን ብዙ ሰው አያስብም።

ያገኛችሁትን በሌላ ወረቀት ጻፉ፤ የነገራችሁንም ሰው ስም ከነቀኑ አስፍሩ። በውሉ ላይ ግን አንድም ፊደል አትጨምሩ፣ አትሰርዙ።