በመረግድ ውስጥ ያለው ማዕድን
ስለ ቤሪሊየምና ስለ ኦርጋኒክ ውሁዶቹ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ይህ ስፍራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ፣ ከመዲናይቱ ዋና ዋና በሮች አንዱ ሆኗል። ከጅቡቲ በሞጆ በኩል የሚመጣው የገቢ ዕቃ፣ ከደቡብም በሐዋሳ በኩል የሚመጣው የአገር ምርት በዚሁ በር ሊገባ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ጭነት መካከል በመልካቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ፣ በውስጣቸው ግን አንድ ንጥረ ነገር የያዙ ዕቃዎች ይኖራሉ። አንዱ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነው፤ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ውስጥ የተሠራ የመዳብ ቅይጥ ነው፤ ሦስተኛው ለቤተ ሙከራ የሚላክ ኬሚካል ነው። የሦስቱም ማኅበርተኛ ቤሪሊየም ይባላል። የዚህ ንጥረ ነገር ዋጋውም ሆነ አደጋው የሚወሰነው ከምን ጋር እንደ ተዋሐደ በማወቅ ስለ ሆነ፣ ነገሩን መረዳት ለአስመጪውም ለላኪውም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የቤሪሊየም ነገር የሚጀምረው ከጉጂ ምድር ነው። በ2016 በሻኪሶ አካባቢ የተገኘው መረግድ ጥራቱ ከፍ ያለ በመሆኑ የኢትዮጵያን ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ አስጠርቷል። በዚያው አካባቢ በታንታለም ማዕድኑ የታወቀው የቀንጢቻ ዐለትም ቢረል የተባለውን ድንጋይ በውስጡ ይዟል። በራእየ ዮሐንስ መረግድና ቢረሌ ለየብቻቸው ተቆጥረዋል፤ ኬሚስትሪ ግን ሁለቱን የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ያደርጋቸዋል። ቢረል የቤሪሊየም፣ የአሉሚኒየም፣ የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁድ ሲሆን፣ ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ሲገባበት አረንጓዴ መረግድ ይሆናል፤ ብረት ሲገባበት ደግሞ ሰማያዊው አኳማሪን ይሆናል። ፍጹም ንጹሕ ከሆነ 100 ኪሎ ቢረል ውስጥ የሚገኘው ቤሪሊየም 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። መረግድ በካራት፣ ተራ ቢረል ግን በቶን የሚሸጠውም የውስጣቸው ንጥረ ነገር ስለሚለያይ ሳይሆን፣ የአንዱ ዋጋ በውበቱ የሌላው በማዕድኑ ስለሚተመን ነው።

ንጥረ ነገሩን በመጀመሪያ የለዩት ፈረንሳዊው ሊቅ ቮክለን ናቸው፤ ዘመኑም 1798 ነበረ። በ1828 ጀርመናዊው ቮለርና ፈረንሳዊው ቡሲ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ ብረቱን ነጥለው አወጡት። የጨዎቹ ጣዕም ጣፋጭ ስለ ነበረ በፈረንሳይ አገር «ግሉሲኒየም» የሚል ስም ተሰጥቶት ለረዥም ጊዜ ቆይቷል። በኋላ ግን ይህ ጣፋጭ ነገር መርዝ መሆኑ ታወቀ።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚባለው የካርቦን ውሁዶች ትምህርት ነው። ቤሪሊየም ከካርቦን ውሁዶች ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በኦክስጅን አማላጅነት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው፣ ሆምጣጤን ከሚያኮመጥጠው አሲድ ጋር የሚሠራው የቤሪሊየም አሲቴት ነው። በዚህ ውሁድ ውስጥ አራት የቤሪሊየም አተሞች አንዲቱን ኦክስጅን ከበው ይቆማሉ፤ ስድስት የአሲቴት ክፍሎችም በዙሪያቸው ያስተሳስሯቸዋል። እንደ ተራ ጨው ከመሆን ይልቅ በክሎሮፎርም ይሟሟል፤ ሲሞቅም ሳይፈርስ ተንኖ እንደገና ይረጋል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ቤሪሊየምን ከሌሎች ማዕድናት ለማጥራት አገልግሏል።

ሁለተኛው መንገድ ካርቦንና ቤሪሊየም ያለ አማላጅ በቀጥታ ሲያያዙ ነው። ይህን ለመሥራት የቤሪሊየም ክሎራይድን በኤተር ውስጥ፣ የ1912 የኖቤል ተሸላሚው ፈረንሳዊው ግሪኛር ካስገኙት የማግኒዥየም ውሁድ ጋር ያገናኙታል። ከዚህም ዳይሜቲል ቤሪሊየምና ዳይኤቲል ቤሪሊየም ይገኛሉ። የመጀመሪያው ነጭ ጠጣር ነው፤ ሁለተኛው ፈሳሽ ነው። ሁለቱም ከእርጥብ አየር ጋር ሲገናኙ በራሳቸው ይቀጣጠላሉ፤ ከውሃ ጋርም በኀይል ይጋጫሉ። ስለዚህ የሚሠሩትም የሚቀመጡትም አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ነው።

በ1959 ጀርመናውያኑ ፊሸርና ሆፍማን፣ አምስት አምስት ካርቦን ባላቸው ሁለት ቀለበቶች መካከል አንድ ቤሪሊየም የያዘውን ቤሪሎሲን የተባለ ውሁድ ሠሩ። በ2023 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዚሁ ውሁድ ተነሥተው፣ ሁለት የቤሪሊየም አተሞች እርስ በርሳቸው በቀጥታ የተያያዙበትን ውሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገኙ። እነዚህ የምርምር ፍሬዎች እንጂ የገበያ ዕቃዎች አይደሉም። ትምህርቱ በዝግታ የተራመደበትም አንዱ ምክንያት የመርዙ ፍርሃት ነው።

እዚህ ላይ የጌጣጌጥ ነጋዴ መለየት ያለበት ነገር አለ። መረግድ ስንጥቁ እንዳይታይ ብዙ ጊዜ የዝግባ ዘይት ወይም ሙጫ መሰል ነገር ይሞላበታል። ዘይቱ ኦርጋኒክ ቢሆንም በስንጥቁ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ከቤሪሊየሙ ጋር አይዋሐድም፤ ድንጋዩንም መርዛም አያደርገውም። ይሁን እንጂ ዋጋውን ስለሚለውጠው፣ ዘይት መግባቱን ለገዢው መግለጽ የሐቀኛ ነጋዴ ግዴታ ነው።

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለቤሪሊየም ንግድ የሰጠው ትልቁ ጥቅም የሚታየው በማጣሪያ ፋብሪካ ነው። በአሜሪካ አገር በዩታ ግዛት ማዕድኑ በሰልፈሪክ አሲድ ከሟሟ በኋላ፣ በላምባ መሰል ዘይት ውስጥ የተበጠበጠ ኦርጋኒክ የፎስፎረስ አሲድ ቤሪሊየሙን ከሌሎቹ ለይቶ ይስበዋል። ከዚያ የሚገኘው ብረት ከአሉሚኒየም የቀለለ ነው፤ ኤክስ ሬይ ስለሚያሳልፍ ለሐኪም ቤት መሣሪያዎች መስኮት ይሆናል። 2 ከመቶ ያህል ወደ መዳብ ሲጨመርም ጠንካራ የኤሌክትሪክ ማገናኛና ሞላ፣ ጋዝ ባለበትም ስፍራ ብልጭታ የማያወጣ መፍቻና መዶሻ ይሠራበታል። የዓለም የዓመት ምርት በጥቂት መቶ ቶን የሚቆጠር ብቻ ነው።

አደጋው የሚመጣው በአብዛኛው በመተንፈስ ነው። የብረቱን፣ የኦክሳይዱን ወይም የጨዎቹን ብናኝና ጢስ የሚስብ ሰው፣ ሰውነቱ ከተቆጣ፣ ከዓመታት በኋላ ሳይቀር የማይድን የሳንባ በሽታ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ በ2017 ባወጣችው ደንብ፣ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሚተነፍሰው አየር በአንድ ሜትር ኩብ በአማካይ ከ0.2 ማይክሮግራም በላይ ቤሪሊየም እንዳይኖርበት ወስናለች። የተቆረጠና የተወለወለ መረግድ በጣት ቢደረግ ወይም በመስኮት ቢቀመጥ ጉዳት የለውም። የቢረል ጥንካሬ ቤሪሊየሙን አጥብቆ ይይዘዋልና። ነገር ግን ድንጋይ የሚቆርጥ ሰው ማንኛውንም የድንጋይ ብናኝ ከመተንፈስ መጠበቅ ስላለበት፣ በውሃ እያረጠበ መሥራት ይገባዋል። ከቤሪሊየም መዳብ የተሠራን ዕቃ መሸጥም ደኅና ነው፤ መሞረድ፣ መበየድ ወይም ማቅለጥ ግን ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ሥራ አይደለም። የአሮጌ ብረት ገዢዎችም ይህን ማወቅ አለባቸው።

የንግድ ሕጉም የሚለየው በቅርጽ ነው። ቤሪሊየም ለኑክሌር ሥራ ስለሚያገለግል፣ የኑክሌር ዕቃ አቅራቢ አገሮች ቡድን ብረቱን፣ ከ50 ከመቶ በላይ ቤሪሊየም ያለበትን ቅይጥና ውሁዶቹን በቁጥጥር መዝገብ አስገብቷል። በመረግድና በአኳማሪን መልክ ያለውን ቢረል ግን ከቁጥጥሩ ነጻ አድርጎታል። ስለዚህ ላኪው በሰነዱ ላይ «ማዕድን» ወይም «ቢረል» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ ነጻ የሆነው ዕቃው በገዢው አገር ጉምሩክ ሊያዝበት ይችላል። ለጌጥ የሚሆነውን ከተራው ለይቶ፣ ለየብቻ አሽጎና በትክክለኛ ስሙ ጠርቶ መላክ ከብዙ ወጪና ከረዥም መዘግየት ያድናል።

አስመጪም በበኩሉ ቤሪሊየም ያለበት ዕቃ ሲያዝዝ ከፋብሪካው የደኅንነት መግለጫ ወረቀት መጠየቅ አለበት። ወረቀቱ ቤሪሊየሙ ብረት፣ ቅይጥ፣ ኦክሳይድ ወይም ኦርጋኒክ ውሁድ መሆኑንና መጠኑ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ የሚገልጽ ይሁን። በአየር የሚቀጣጠሉትን ውሁዶች ተራ መጋዘን ሊቀበላቸው አይገባም፤ እነርሱ ዕውቀቱና መሣሪያው ላላቸው የምርምር ተቋማት ብቻ የሚሆኑ ናቸው። ከመጋዘኑ በር ላይ መልሶ የሚከለክላቸውም ይኸው ወረቀት ነው።