ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆመው እንዴት ነው?

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር ማለቂያ ላይ ከከሚሴ በስተ ደቡብ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ ይታወቃል። ምድር በቀስታ ስትነቃነቅ ግን መንገደኛው ምንም ሳይሰማው፣ በአልጋው የተጋደመው ደንግጦ የሚነሣበት ጊዜ አለ። የሚራመድ ሰው በራሱ እርምጃ ስለሚናወጥ ትንሹ ንቅናቄ ይሸፈንበታል፤ ጸጥ ብሎ የተኛው ግን ያስተውለዋል።

ሰውነታችን እንቅስቃሴን የሚያውቀውና ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ምስክሮች ነው፤ እነርሱም ጆሮ፣ ዓይንና የእግር ስሜት ናቸው።

በውስጠኛው ጆሮ፣ ለመስማት ከሚያገለግለው ክፍል አጠገብ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳትን ይገፋል፤ እነርሱም ወሬውን በነርቭ ወደ አንጎል ያደርሳሉ። በአጠገባቸው ባሉት ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ደግሞ ከአሸዋ የደቀቁ ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ ራስ ሲያዘነብል በክብደታቸው ሕዋሳቱን ይጫናሉ።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። በሳሕን ውሃ ላይ ጥቂት ገለባ በትኖ ሳሕኑን በድንገት ማዞር ነው፤ ገለባው በመጀመሪያ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሳሕኑ ሲቆም ደግሞ መዞሩን ይቀጥላል። ተሽከርክሮ የቆመ ሕፃን ዓለም የሚዞርበት ስለዚሁ ነው።

ምስክሮቹ ካልተስማሙ ሕመም ይመጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው በጣርማበር ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ መጽሐፍ ቢያነብ፣ ጆሮው «እዞራለሁ» ሲል ዓይኑ «አልተንቀሳቀስሁም» ይላልና ያጥወለውለዋል። መድኃኒቱ ከፊት ያለውን መንገድ አሻግሮ መመልከት ነው።

ሦስተኛው ምስክር፣ የእግር መዳፍ፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ስሜት ነው። በግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ቆማችሁ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ወዲያው መወዛወዝ ትጀምራላችሁ፤ አንዱ ምስክር ሲጎድል የቀሩት ምን ያህል እንደሚቸገሩ ይህ ያስረዳል።

ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም ስለሚደክሙ፣ አረጋውያን በሌሊት ለመጸዳጃ ሲነሡ ይወድቃሉ፤ ከዚያ በኋላ አጥንታቸው ተሰብሮ ከአልጋ የሚቀሩም አሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባል።

፩ኛ፤ በጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ ላባ ወይም ሌላ ነገር ማስገባት አይገባም። መግል የሚወጣውን ሕፃን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

፪ኛ፤ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መርፌዎች የጆሮን ሚዛን ጠባቂ ሕዋሳት ሊገድሉ ስለሚችሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንም አይወጋቸው።

፫ኛ፤ አረጋውያን ከመኝታ ሲነሡ በመጀመሪያ ጥቂት ይቀመጡ፤ በአጠገባቸውም መብራትና ምርኩዝ ይኑር፤ የሚሄዱበት መንገድ ከዕቃ የጸዳ ይሁን።

፬ኛ፤ ድንገተኛ የራስ ማዞር ከአንደበት መተሳሰር ወይም ከእጅና ከእግር መስነፍ ጋራ ቢመጣ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ጆሮአችንን የምንጠብቀው ለመስማት ብቻ ሳይሆን ጸንተን ለመቆምም ጭምር ነውና፣ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፣ ተማሪዎችም በቤት ላሉት አያቶቻቸው ያስረዱ ዘንድ እናሳስባለን።