የሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን መጠንና የልብ ደም ቅዳ ሕመም፦ በምዕራብ ጎጃም ውጤቱ እንዴት ይነበብ?

የልብን ጡንቻ በሚመግቡት ደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ ስብ ሲከማች ብግነት ይከተላል፤ ብግነት ሲኖር ደግሞ ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ወደ ደም ይለቃል። ይህን ግንኙነት መነሻ በማድረግ የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ምክር የስጋቱን ደረጃ በሦስት ከፍሏል፦ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ነው።

ይህ መለኪያ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለዙሪያቸው ገጠር እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ፕሮቲኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1930 መጀመሪያ የተገኘው በልብ ሕሙማን ሳይሆን በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ ነበር። በወባ ወይም በሳንባ ምች ወቅት መጠኑ በሁለት ቀን ውስጥ ከ100 ሚሊግራም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከክረምት መውጫ በኋላ፣ ወባ በሚበረታባቸው ወራት፣ ከቆላ ሥራ በተመለሰ ገበሬ ደም ውስጥ የተገኘ 40 ሚሊግራም ስለ ልቡ ደም ቅዳዎች የሚናገረው ጥቂት ነው። ያው የ2003 ምክር ውጤቱ ከ10 ሲበልጥ የኢንፌክሽኑ ምንጭ እንዲፈለግና ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲለካ ያዛል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ረጅም መንገድ በእግሩ ለሚመጣ ሰው ግን ሁለተኛው ቀጠሮ አጨዳ ላይ ይውላል፣ በመካከሉም ወባው ሊመለስበት ይችላል።

ብግነት ብቻውን ደም ቅዳን እንደማያጠብብ የሚጠቁም ማስረጃ ከቦሊቪያ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ከተመረመሩት 705 የጺማኔ ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ ከፍተኛ የሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ቢኖራቸውም፣ 85 በመቶው በልብ ደም ቅዳቸው ውስጥ ምንም የካልሲየም ክምችት አልታየባቸውም። ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ፣ ኑሯቸውም የእርሻ፣ የአደንና የእግር ጉዞ ነው። የዘረ-መል ጥናቶችም ፕሮቲኑ የሕመሙ ምስክር እንጂ መንስኤ አለመሆኑን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ብግነትን ንቆ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። በዚያው ዓመት ይፋ በሆነው የካናኪኑማብ ሙከራ፣ ቀደም ሲል የልብ ድካት የደረሰባቸው ከ10,000 በላይ ሕሙማን ተሳትፈው፣ ኮሌስትሮል ሳይቀንስ ብግነትን መግታት ብቻ አደጋውን ቀንሷል፤ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ግን ጨምሯል። ኢንፌክሽን በሚበዛበት አገር ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ለአካባቢው የተሻለ የሚመስለው አመላካች አፖሊፖፕሮቲን ቢ ነው። ኮሌስትሮልን ወደ ደም ቅዳ ግድግዳ የሚያደርሱት ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው አንድ ሞለኪውል ብቻ ስለሚይዙ፣ መጠኑ የቅንጣቶቹን ብዛት ያሳያል። አጣዳፊ ሕመም ሊያወርደው ስለሚችል ግን ከማገገም በኋላ ቢለካ ይመረጣል።

ትሮፖኒን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን እንጂ የጉዳቱን ምክንያት አይነግርም። የኩላሊት ድክመትም የልብ ጡንቻ ብግነትም ከፍ ያደርጉታል። ድንገተኛውን ጉዳት ከቆየው የሚለየው ከሰዓታት በኋላ በተደገመው ልኬት የሚታየው መውጣት ወይም መውረድ ነው፤ እርሱም ከኤሌክትሮካርዲዮግራምና ከሕመምተኛው ቃል ጋር ሲነበብ።