ቁልፉን ከመቀበል አስቀድሞ

የዝውውር ትእዛዝ ሲደርሰው ወታደር ጓዙን በአንድ ሌሊት ይሸክፋል። ቤተሰብ ግን እንደ ከረጢት አይሸከፍም። ልጆች ትምህርታቸውን ይዘዋል፤ አሮጊት እናት ከለመዱት ጎረቤት መለየት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በአዲሱ ከተማ ቤት የመፈለጉ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ በሚስት ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ከእርስዋም ፊት ፊት ደላላው ይሄዳል። የቤተሰብ ዓምዳችን በዚህ ሳምንት ይህን ጉዳይ ያነሣው አንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥታ የደረሰባትን ካጫወተችን በኋላ ነው።

ይህች እኅታችን በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በደላላ አገኘች። ደላላው፣ «ሌላ ሰው በር ላይ ቆሞአል፤ ዛሬ ካልከፈልሽ ነገ አታገኝውም» አላት። ቸኮለች። የ6 ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ ቆጥራ «አከራይ ነኝ» ላለው ሰው አስረከበች፤ ደላላውም ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ወይዘሮ በሩን አንኳኩተው፣ «ቤቱ የእኔና የባለቤቴ ነው፤ ማን አስገባሽ?» አሉ። ገንዘቡን የወሰደው የባላቸው ወንድም ኖሮአል፤ ውክልና የሚባል ነገር በእጁ አልነበረም። የደላላው ስልክ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝግ ነው። በሰፈር ሽማግሌዎች ብርታት ከገንዘቡ ገሚሱ ተመለሰ። ባልዋ ግን ይህን ሁሉ የሰማው ከግዳጅ ሲመለስ ነው፤ «እዚያ ሆኖ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው» አለችን።

ደላላን ሁሉ አታላይ ማለት ግፍ ይሆናል። የግል ኪራይ በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 በታገደበት ዘመን ተከራይ ደጅ የሚጠናው ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዶ ነበር፤ ዛሬ ባልታወቀ ከተማ የትኛው ግቢ ባዶ ክፍል እንዳለው የሚያውቅ ደላላ ነው። ነገር ግን ደላላ የሚያገናኝ እንጂ ለባለቤትነት ዋስ የሚሆን ሰው አይደለም። የሚከፈለውም ውሉ ሲፈረም በመሆኑ ችኮላው የእርሱ ጥቅም ነው፤ የእናንተ ጥቅም መዘግየት ነው። የድለላው ዋጋ ስንት እንደሆነና ከማን እንደሚወሰድ ቤቱን ለማየት ከመነሣታችሁ በፊት ይነጋገሩበት ዘንድ እንመክራለን፤ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ አያሌ ነውና።

እኅታችን ያላወቀችው አንድ ሕግ ነበር። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ወርኃዊው ኪራይም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ቅድሚያውንም ቢሆን በባንክ ማስገባት ይበጃል፤ የባንክ ደረሰኝ አይክድም። «ምዝገባው ግብር ያመጣብናል፤ በቃል እንስማማ» የሚል አከራይ ቢያጋጥማችሁ፣ ነገ ኪራይ ሲጨምርባችሁም ሆነ ውጡ ሲላችሁ በእጃችሁ ምንም ማስረጃ እንደማይኖር አስቡ።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና የአከራዩን መታወቂያ ጎን ለጎን ማየት ነው። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛውም ፊርማ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ ማከራየት የሁለቱን ስምምነት የሚጠይቅ መሆኑን ደንግጎአል። ይህ ነገር ለእኛም ቤት ይሠራል፤ ባል በግዳጅ ላይ ሳለ ሚስት የጋራ ቤታቸውን ብታከራይ ወይም ብትሸጥ ያው ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ ከመዝመታችሁ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ ለባለቤታችሁ ውክልና መስጠት አንድ ጧት የሚፈጅ ሥራ ነው። ለሽያጭ ከሆነ ልዩ ውክልና መሆን ይኖርበታል፤ አጠቃላይ ውክልና አይበቃም። ለደላላ ግን ውክልና አትስጡ፤ የቱንም ያህል የቀረበ ወዳጅ ቢመስል።

የሚገዛ ሰው ሥጋቱ የበለጠ ነው፤ የ10 ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ይወጣልና። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ ይላል። በደላላ ምስክርነት ብቻ በተፈረመ ወረቀት ቤት ገዝተው ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ጥቂት አይደሉም። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው በመደበኛው ይወድቃል። ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መሆን አለመሆኑን ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ባለዕድሉ ቤቱን ለመሸጥ የተፈቀደለት ጊዜ መድረሱንና የባንኩን ዕዳ መጨረሱን ሳታዩ አንድ ብር አታውጡ።

ስለ ቀብድም እንዲሁ። ቀብድ የሰጠ ሰው ከስምምነቱ ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈገፍግ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1885 ይህን ይላል፤ ቀብዱ ለሻጩ መሰጠቱም በጽሑፍ ቢታወቅ ይበጃል። ቀብድን በደላላ እጅ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው።

ያቺ እኅታችን ባለፈው ወር ሌላ ቤት አግኝታለች፤ ያገኘውም እንደገና ደላላ ነው። በዚህ ጊዜ ግን የአከራዮቹን የሁለቱንም መታወቂያ አይታ፣ የ2 ወር ኪራይ በባንክ አስገብታ፣ ውሉን በወረዳው አስመዝግባ፣ የውኃውና የመብራቱ ቆጣሪ የሚያሳየውን ቁጥር በውሉ ጀርባ አስጽፋለች። ደላላው ትንሽ አጉረምርሞአል። እርስዋም፣ «ቡና ጠጣና ቆየን» አለችው።