ቁንጮ፦ በማለዳ የተዳቀለው ጤፍ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ስገባ ዓይኔ ከጽዱ ይልቅ ወደ ሳሩ ይሳባል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ 705 ሄክታር ስፍራ ደጋ ነው፤ ጤፍ ደግሞ የሚወደው ወይና ደጋን ነው። ቢሆንም ጤፍ ከሳር ወገን ነውና፣ በአገራችን መንገድ ዳር ረግጠናቸው ከምናልፋቸው ሳሮች መካከል የቅርብ ዘመዶቹ አሉ። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ከዚህ ቤተሰብ አንዱን፣ ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ነው።

የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው። ወንዴውንና ሴቴውን አንድ ላይ ይዞ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የሁለት ጤፎችን መልካም ጠባይ በአንድ ተክል ማገናኘት አልተቻለም ነበር። ተመራማሪው ከገበሬው ዘር የተሻለውን ከመምረጥ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1974 ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባው በማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም፣ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት አስተዋሉ። ይህን ሰዓት ያወቀ ሰው በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ ወንዴውን ነቅሎ የሌላውን ጤፍ ብናኝ ማድረስ ይችላል። ትዕግሥቱን አስቡት፤ አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ ፍሬ ይይዛል!

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ መንገድ ማኛና ዱከም የተባሉ የጤፍ ዝርያዎችን አዳቀለ። ማኛ ንጣቱ ገበያ ላይ ዋጋ ያወጣል፤ ዱከም ምርቱ ጥሩ ነው። ከሁለቱ የተገኘው ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ ተለቀቀ። ስሙ የሕፃን አናት ላይ የሚተወውን ጸጉር ያስታውሳል፤ የበላይ ማለትም ነው። በገበሬ ማሳ ላይ በሄክታር 20 ኩንታልና ከዚያ በላይ ሰጥቷል። የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ኩንታል በታች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ግድም 17 ደርሷል። ለዚህ ጭማሪ ማዳበሪያውና የእርሻ ምክሩም ድርሻ አላቸው።

በዚያው ጊዜ ግን ስንዴ 27፣ በቆሎ 39 ኩንታል ግድም ይሰጡ ነበር። ጤፍን ወደ ኋላ ያስቀረው በተለይ አገዳው ነው፤ ቀጭንና ረጅም ነው። ማዳበሪያ ሲበዛለት፣ ዛላው ሲከብድ፣ ንፋስና ዝናብ ሲያገኘው ይተኛል። ባለሙያዎች ግሽበት የሚሉት ይህንን ነው። የተኛ ጤፍ ፍሬው ይቀንሳል፣ ይበሰብሳል፣ ለማጨድም ያስቸግራል። ስንዴን ከዚህ ጣጣ ያወጡት አገዳቸው ያጠረ ዝርያዎች ናቸው።

ማዳቀል ደግሞ የሚዳቀል ዘር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውን የአገሪቱን የዘር ባንክ ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በድርቅ ዘመን ገበሬው ዘሩን ሳይቀር ለመብላት ሲገደድ፣ ዘሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ለማትረፍ ደክመዋል። ተመራማሪዎች ጤፍን አጭርና ቶሎ ከሚደርስ የዱር ዘመዱ ጋርም አዳቅለዋል። ስለዚህ ጉለሌ ውስጥ ጎንበስ ብዬ የሳር ዛላ በጣቴ ስዳብስ፣ የማየው ለማሳ የሚጠቅም ጠባይ ሊኖረው የሚችል ተክል ነው።